አሲድ የሌለው ድካም፦ ላክቲክ አሲድ መሥራት ያልቻለ ጡንቻ ጉዳይ

## ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

«ጡንቻህ የዛለው ላክቲክ አሲድ ስለተጠራቀመበት ነው።» ስፖርት የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቷል። አሠልጣኙም ይለዋል፣ ጂም ውስጥ አጠገቡ ብረት የሚያነሳውም ይለዋል። እውነት ይሁን አይሁን ለማወቅ አንድ ጥሩ መንገድ አለ። ላክቲክ አሲድ ጭራሽ የማይሠራ ጡንቻ ያለው ሰው መፈለግ ነው። አባባሉ ትክክል ከሆነ ያ ሰው ቶሎ መድከም የለበትም።

እንዲህ ያለ ሰው ተገኝቷል። ጉዳዩ በ1951 በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰውየው ጡንቻ ሲሠራ ላክቲክ አሲድ አያወጣም ነበር። ድካሙ ግን ከጤነኛ ሰው በብዙ ይብስ ነበር።

ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር፣ ጉልበት ከየት እንደሚያመጣና ለምን እንደሚዝል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ብዙዎቻችን ስለ ድካም ያለን ግንዛቤ ከአንድ ቃል አያልፍም። ይህ ሰው ያንን ቃል ከመሃል አውጥቶ ነገሩን እንደገና እንድናይ ያስገድደናል።

## የሰውየው ሁኔታ

ዕድሜው 30 ነበር። የመረመረው ሐኪም በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ብራያን ማክአርድል ነው። የታካሚውን ስም እዚህ አናነሳም።

ችግሩ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የኖረ ነው። ቀላል እንቅስቃሴ እንኳ ጡንቻውን ያመዋል። ሕመሙን ችሎ ከቀጠለ ጡንቻው ይደክማል፣ ቀጥሎ ይደርቃል። ተኮማትሮ አልዘረጋም ይላል። በአንድ እግር ወይም በአንድ ክንድ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የሠራበት ጡንቻ ሁሉ ያመዋል። ሲያርፍ ይተወዋል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሐኪምን በቀላሉ ያሳስታል። ታካሚው አርፎ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሲመረመር ጉልበቱ ደህና ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲሠራ ነው፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚሠራ ሰው የለም። በዚህ ሕመም የተያዙ ብዙ ሰዎች በልጅነታቸው «ሰነፍ» ተብለው አድገዋል። ከእኩዮቻቸው ጋር መሮጥ አይችሉም፣ ደረጃ መሃል ላይ ይቆማሉ፣ ትንሽ ቆይተው ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ይሄዳሉ። ለሚያያቸው ሰው ማስመሰል ይመስላል።

## ጤነኛ ጡንቻ እንዴት ይሠራል

ማክአርድል ምን እንደፈለገ ለመረዳት የትእዛዙን መንገድ ከላይ እስከ ታች ማየት ያስፈልጋል። ብልሽቱ ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ላይ መሆን አለበትና።

ትእዛዙ ከአንጎል ይነሳል። በኅብለ ሰረሰር በኩል አልፎ ወደ ጡንቻው የሚሄደው ነርቭ ጋ ይደርሳል። የነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ኬሚካሉ በጡንቻው ቃጫ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያስነሳል። ሞገዱ በቃጫው ገጽ ላይ ይሮጥና በጥቃቅን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ ካልሲየም የታጨቀባቸው ከረጢቶች አሉ። ሞገዱ ሲደርስ ይከፈታሉ፣ ካልሲየሙም ይፈስሳል።

በቃጫው ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ወፍራሙ ማዮሲን፣ ቀጭኑ አክቲን ይባላል። ጡንቻው ሲያርፍ ማዮሲን አክቲንን መያዝ አይችልም፤ የሚይዝበት ቦታ ተሸፍኗል። ካልሲየም ትሮፖኒን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ሽፋኑ ገለል ይላል። ያኔ የማዮሲን ራሶች አክቲንን ይይዛሉ፣ ዘንበል ብለው ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። አንዱ ስበት በናኖሜትር የሚቆጠር ነው። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ራሶች ሲስቡ ግን ክንድ ይታጠፋል። ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል።

ይህ የመንሸራተት ሐሳብ የታተመው በ1954 ነው። ማክአርድል ጉዳዩን የጻፈው ከዚያ 3 ዓመት ቀድሞ ነው። ጡንቻ እንዴት እንደሚያጥር ገና በቅጡ ሳይታወቅ፣ ኃይሉ የት ላይ እንደተቋረጠ አገኘ። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ኃይሉ እንምጣ። የሁሉም ክፍያ በኤቲፒ ነው፤ ኤቲፒ ሕዋስ ኃይሉን የሚያገኝበት ሞለኪውል ነው። የማዮሲን ራስ ስቦ ከጨረሰ በኋላ አክቲንን ለመልቀቅ ኤቲፒ መያዝ አለበት። ሰው ኃይል የሚያስፈልገው ለመሳብ ብቻ ይመስለዋል፤ ለመልቀቅም ያስፈልጋል። አስከሬን ከሰዓታት በኋላ የሚገተረው ኤቲፒው ስላለቀ ነው። ራሶቹ እንደያዙ ይቀራሉ። የፈሰሰውን ካልሲየም ወደ ከረጢቱ የሚመልሰው ፓምፕም በኤቲፒ ይሠራል። ስለዚህ ጡንቻ ለመላላትም ይከፍላል። የሰውየው ጡንቻ ደርቆ አልዘረጋም ማለቱን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ ያዙት።

በጡንቻ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው ኤቲፒ በሙሉ አቅም ለሚሠራ ሰው ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም። ጡንቻው ግን እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ወዲያው ይተካል። መጀመሪያ የሚደርሰው ፎስፎክሬቲን የሚባለው በጡንቻው ውስጥ ያለ የኃይል መጠባበቂያ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን በ10 ሰከንድ ገደማ ብርቱ ሥራ አብዛኛው ይሄዳል። ቀጥሎ ግላይኮጅን አለ። ይህ ጡንቻው በራሱ ውስጥ ያከማቸው የስኳር ክምችት ነው። ተቆራርጦ ሲፈጭ ኦክስጅን ሳይጠብቅ ኤቲፒ ይሰጣል፤ በዚያ መንገድ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ነው ላክቲክ አሲድ የምንለው። በሦስተኛ ደረጃ በደም የሚመጣ ግሉኮስና ስብ በኦክስጅን ይቃጠላል። ይህኛው ብዙ ይሰጣል፣ ግን ለመጧጧፍ ደቂቃዎች ይፈልጋል።

የጉልበቱ መጠን በብዙ ነገር ይወሰናል። ዋናው ስንት የቃጫ ቡድን ተጠራ፣ በምን ያህል ፍጥነትስ ትእዛዝ ተላከለት የሚለው ነው። አንድ ነርቭና እሱ የሚያዛቸው ቃጫዎች አንድ ቡድን ናቸው። ዓይንን በሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ውስጥ አንድ ቡድን ጥቂት ቃጫ ብቻ ይይዛል፤ በባት ጡንቻ ውስጥ ከ1,000 ሊያልፍ ይችላል። ሥራው ቀላል ሲሆን ትንንሾቹ፣ ቶሎ የማይደክሙት ቡድኖች ይጠራሉ። ሥራው ሲከብድ ትልልቆቹ ይጨመራሉ። ትልልቆቹ ፈጣንና ብርቱ ናቸው፣ ግን በግላይኮጅን ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የጡንቻው ርዝመትና የሚያጥርበት ፍጥነትም ልዩነት ያመጣሉ። በፍጥነት ሲያጥር የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል፤ ከባድ ዕቃ በዝግታ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

## ፍተሻው ደረጃ በደረጃ

ማክአርድል የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው። ትእዛዙ ወይስ ኃይሉ?

መጀመሪያ የደረቀውን ጡንቻ በኤሌክትሪክ መለኪያ አየው። ሁላችንም የምናውቀው የጡንቻ መሸማቀቅ፣ ሌሊት ባታችንን የሚይዘን ማለቴ ነው፣ መለኪያው ላይ ከፍተኛ ጩኸት ያሳያል። ነርቩ ያለ ፈቃዳችን ትእዛዝ እያዥጎደጎደ ነውና። የዚህ ሰው ጡንቻ ግን ተኮማትሮ እያለ መለኪያው ጸጥ ብሏል። የሚመጣ ትእዛዝ የለም። ትእዛዙ ቆሟል፣ ጡንቻው ግን መላላት አልቻለም። በዚህ አንድ ልኬት አንጎል፣ ነርቭና የነርቩ ጫፍ ከተጠርጣሪነት ወጡ። ብልሽቱ ከኤሌክትሪኩ በታች ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የክንድ ፍተሻ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ይታሰርና ደም እንዳያልፍ እስኪሆን ይነፋል። ታካሚው እጁን እየጨበጠ ይሠራል። ደም ስለማይገባ ኦክስጅን የለም። ጡንቻው ያለው አማራጭ በውስጡ ያለውን ግላይኮጅን መፍጨት ነው። በጤነኛ ሰው ከዚያ ክንድ በሚቀዳው ደም ውስጥ ላክቴት፣ ማለትም ላክቲክ አሲድ በሰውነት ውስጥ የሚገኝበት መልክ፣ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በዚህ ሰው ምንም አልጨመረም፤ እንዲያውም ትንሽ ወረደ። ከላክቴት በፊት የሚመጣው ፒሩቬትም አልጨመረም። ክንዱ ግን አመመው፣ ደረቀም።

ሦስተኛው ደረጃ ብልሽቱ የመላ ሰውነት ነው ወይስ የጡንቻ ብቻ የሚለውን መለየት ነበር። ጉበትም ግላይኮጅን ያከማቻል፤ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ያንን ፈትቶ ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያዘዋል። አድሬናሊን ሲሰጠው የደም ስኳሩ እንደማንኛውም ሰው ከፍ አለ። ስለዚህ ጉበቱ ግላይኮጅኑን መፍታት ይችላል። ከሰውነቱ የተቀዳው ደምም ብቻውን ሲቀመጥ ላክቴት ሠራ። ስለዚህ የደም ሕዋሳቱ ስኳር መፍጨት ያውቃሉ። የቀረው ጡንቻ ነው። ማክአርድል የደረሰበት መደምደሚያ የጡንቻ ግላይኮጅን አይፈታም የሚል ነው። የትኛው ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) እንደጎደለ ያኔ በስም መጥራት አልቻለም።

በዚህ ሥራ ደስ የሚለኝ መሣሪያው አይደለም። መሣሪያው ከዘመኑ አንፃር ተራ ነው። እያንዳንዱ ፍተሻ የመንገዱን ግማሽ እየቆረጠ መጣሉ ነው የሚያስደስተው።

## የጠፋው ኢንዛይም

መልሱ በ1959 መጣ። ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸውን ሌሎች ታካሚዎች የጡንቻ ናሙና መረመሩ። ግላይኮጅኑ ከተለመደው በላይ ተከማችቷል። ግላይኮጅንን የሚቆርጠው ፎስፎሪሌዝ የሚባል ኢንዛይም ግን የለም። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ቁልፉ ጠፍቷል። ጉበት የራሱ የተለየ ፎስፎሪሌዝ ስላለው አልተነካም፤ የአድሬናሊኑ ውጤት በዚህ ተፈታ። ሕመሙ የማክአርድል በሽታ ተብሎ ቀረ። ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ጂን ሲወረስ የሚመጣ ነው።

## ታዲያ ለምን ይደክማል?

የላክቲክ አሲድ ክስ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1907 ፍሌቸርና ሆፕኪንስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የደከመ የእንቁራሪት ጡንቻ ላክቲክ አሲድ እንደሚያጠራቅም አሳዩ። ኦክስጅን ሲያገኝ አሲዱ ይጠፋል፣ ጡንቻውም ያገግማል። ሁለት ነገሮች አብረው ሲመጡና አብረው ሲሄዱ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ ቀላል ነው። የ1922ን የኖቤል ሽልማት በሕክምና የተካፈሉት ሂልና ማየርሆፍ የሠሩትም በዚሁ ዙሪያ ነበር። በወቅቱ አሲዱ የድካም ምክንያት ብቻ አልተባለም፤ መኮማተርን ራሱን የሚያስነሳው እሱ ነው እስከማለት ተደርሷል።

በ1930 ዴንማርካዊው ሉንድስጎር ጡንቻን አዮዶአሴቴት በሚባል መርዝ መረዘ። መርዙ የስኳር መፍጫውን መንገድ ይዘጋል። ጡንቻው ላክቲክ አሲድ ሳይሠራ ተኮማተረ። ጥቂት ከሠራ በኋላ ግን ደረቀ፣ መላላትም አቃተው። ንድፈ ሐሳቡ በዚህ ተናደ። የለንደኑ ሰው ያለ ምንም መርዝ ይህንኑ በሕይወት እየኖረው ነበር። ማክአርድልም ተመሳሳይነቱን አይቶታል።

ለመሆኑ ድካሙ ከየት ይመጣል? በ1981 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የዚህ ሕመም ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ጡንቻ እየሠራ ሳለ በማግኔት መሣሪያ ተመለከቱ። መሣሪያው ጡንቻውን ሳይቆርጥ ፎስፎክሬቲንን፣ ፎስፌትንና የአሲዱን መጠን ያሳያል። የጤነኛ ሰው ጡንቻ ሲሠራ ወደ አሲድነት ይሄዳል። የዚህኛው አልሄደም። ፎስፎክሬቲኑ ግን በፍጥነት ወረደ።

ፎስፎክሬቲን ሲፈርስ ፎስፌት ይተርፋል። ዛሬ ዋናው ተጠርጣሪ ይህ ፎስፌት ነው። የማዮሲን ራስ ጉልበት የሚያወጣው የያዘውን ፎስፌት ሲለቅ ነው። ዙሪያው በፎስፌት ከተሞላ መልቀቁ ይከብደዋል፣ ጉልበት ያላቸው ራሶች ቁጥር ይቀንሳል። ክሮቹ ለካልሲየም ያላቸው ስሜትም ይደክማል። ይባስ ብሎ ፎስፌቱ ወደ ካልሲየም ከረጢቱ ገብቶ ከካልሲየሙ ጋር ይጣበቃል፤ ትእዛዝ ሲመጣ የሚፈስሰው ካልሲየም ያንሳል። ኤቲፒ ሲከፈል የሚቀረው ኤዲፒ ሲበዛም ራሶቹ ለመልቀቅ ይዘገያሉ፣ ፓምፑም ይሰንፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ድካም ማለት ኤቲፒ አለቀ ማለት አይደለም። ጤነኛ ሰው እስኪወድቅ ቢሠራ እንኳ በጡንቻው ውስጥ በቂ ኤቲፒ ይቀራል። ጡንቻው ሊያልቅበት ሲል ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ፍሬን የሚይዘው አደጋው ሳይደርስ ነው። የለንደኑን ሰው የሚለየው ፍሬኑ በጣም ቀድሞ መያዙ ነው። ግላይኮጅን የሚሸፍነው የጊዜ ክፍተት ባዶ ስለሆነ ፎስፎክሬቲኑ ብቻውን ይጋፈጣል። ጡንቻው የሚደርቅበት ትክክለኛ ምክንያት ግን አሁንም ያከራክራል። መጀመሪያ ኤቲፒ ስላለቀ ነው ተብሎ ነበር፤ ሲለካ ግን ያን ያህል የወረደ ኤቲፒ አልተገኘም።

አሲዱ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ቃጫዎችን በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ አድርገው የመረመሩ ሰዎች አሲድ ጉልበትን ክፉኛ ሲቀንስ አይተዋል። ሙቀቱ ወደ ሰውነት ሙቀት ሲቀርብ ተጽዕኖው በእጅጉ አነሰ። ከፎስፌት ጋር ሲደመር የተወሰነ ድርሻ አለው። ላክቴቱ ራሱ ግን ጭራሽ ቆሻሻ አይደለም። ልብና ቀርፋፋዎቹ ቃጫዎች እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል።

## ምን ጠቀመ፣ ምን አልጠቀመም

በ1951 ለሰውየው የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረም። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ዛሬም የለም። ግን ከእሱ በኋላ የመጡ ታካሚዎች ብዙ አስተምረዋል።

በጣም የጠቀመው ታካሚዎቹ ራሳቸው ያገኙት ነገር ነው። በዝግታ መራመድ ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ናቸው፤ ልብ ይመታል፣ እግር ያማል። ፍጥነታቸውን ቀንሰው ወይም ለአፍታ ቆመው ይቀጥላሉ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ያው ፍጥነት ቀላል ይሆናል፣ የልብ ምታቸውም ይወርዳል። ሐኪሞች «ሁለተኛ ትንፋሽ» ይሉታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የደም ፍሰቱ ጨምሯል፣ ከጉበት የሚመጣው ግሉኮስና ስቡ ጡንቻው ጋ ደርሷል። ከውጭ የሚመጣ ግሉኮስ ፎስፎሪሌዝ አያስፈልገውም። ይህ ክስተት የሕመሙ ዋና መለያ ስለሆነ ዛሬ ለምርመራም ይጠቅማል። ብስክሌት ላይ አስቀምጦ የልብ ምትን መከታተል ይበቃል።

ከእንቅስቃሴ በፊት ስኳር መውሰድም ይሠራል። በ2003 በታተመ ጥናት ታካሚዎች ከሥራ በፊት 75 ግራም ስኳር ሲወስዱ አቅማቸው በግልጽ ጨምሯል። ጥቅሙ ግን አጭር ነው። በየሰዓቱ ስኳር የሚጠጣ ሰው ደግሞ ይወፍራል፤ የወፈረ አካል የሚሸከም ጡንቻ የባሰ ይደክማል። ለታቀደ ሥራ እንጂ ለውሎ አይሆንም።

የተመጠነ ልምምድ ጠቅሟል። ይህ ለረጅም ጊዜ የተፈራ ነገር ነበር፤ «አርፈህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ነበር የተለመደው። መቀመጥ ግን ልብንና የደም ሥሮችን ያዳክማል፤ ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ ዋናው መተማመኛ በደም የሚመጣው ነዳጅ ነው። ቀለል ባለ መጠን ለ14 ሳምንት ብስክሌት የነዱ ታካሚዎች ሳይጎዱ አቅማቸው አድጓል።

ያልጠቀሙትም አሉ። ቅርንጫፍ ያላቸው የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ይረዳሉ ተብሎ ተሞክሯል፤ አልረዱም። ቫይታሚን ቢ6ም አሳማኝ ውጤት አላመጣም። ክሬቲን በትንሽ መጠን መጠነኛ እፎይታ ሰጠ፣ በከፍተኛ መጠን ግን ምልክቶቹን አባሰ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ፎስፎክሬቲን ከጎደለ ክሬቲን መጨመር ጥሩ አይደል? የጡንቻ ሒሳብ እንዲህ ቀጥታ አይሄድም።

አደገኛው ነገር ባለበት ቆሞ መጫን ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ አጥብቆ መጨበጥ፣ መኪና መግፋት። ጡንቻ ሳይላላ ሲጨመቅ የራሱን ደም ሥሮች ይጨፈልቃል። ደም ካልገባ ግሉኮስም ስብም አይመጣም። ትልልቆቹ ቃጫዎችም የሚጠሩት በዚህ ጊዜ ነው። ታካሚው ሕመሙን ችሎ ከቀጠለ ቃጫዎቹ ይበጣጠሱና ማዮግሎቢን የሚባለው ቀይ ፕሮቲናቸው በደም በኩል ወደ ኩላሊት ይሄዳል።

## ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላው የሚወሰድ

የመጀመሪያው ትምህርት ድካምን አንድ ነገር አድርጎ አለማየት ነው። «ደከመኝ» የሚል ሰው ትእዛዙ ደክሞበት ሊሆን ይችላል፣ የነርቩ ጫፍ ሊሆን ይችላል፣ ካልሲየሙ ወይም ነዳጁ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ሰውና የደም ማነስ ያለበት ሰው ሁለቱም ይደክማቸዋል፤ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። መቼ እንደሚጀምር መጠየቅ ብዙ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መጥቶ በኋላ የሚሻለው በጡንቻው ውስጥ ካለው ስኳር ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ከረጅም ሥራ በኋላ ወይም ምግብ ሳይበላ ሲሠራ የሚመጣው ስብ ከማቃጠል ጋር ሊያያዝ ይችላል። አርፎ ሳለ የማይታይ ነገር ካለ ደግሞ ታካሚውን እያሠሩ ማየት ነው።

ለጤነኛ ሰውም የሚሆን አለ። ልምምድ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መክበድ የአቅም ማነስ ምልክት አይደለም። ኦክስጅን የሚጠቀመው መንገድ እስኪጧጧፍ ሁላችንም በፎስፎክሬቲንና በግላይኮጅን ነው የምንሸፍነው። ሰውነት የማሟሟቅ ጥቅሙም በከፊል ይኸው ነው።

በማግስቱ የሚሰማው የጡንቻ ሕመምም ላክቲክ አሲድ አይደለም። ላክቴት ከልምምድ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። የማግስቱ ሕመም የሚመጣው በተለይ ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ፣ ለምሳሌ ቁልቁል ሲወረድ፣ በቃጫዎቹ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። «አሲዱን እናስወጣ» ተብሎ የሚደረገው ማሸት ደስ ሊል ይችላል። የሚያስወጣው አሲድ ግን የለም።

ለምርመራው ራሱም ትምህርት አለ። ደም አግዶ ማሠራት መልስ ይሰጣል፣ ግን በዚህ ሕመም የተያዘን ሰው ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ ደሙ ሳይታገድ ታካሚው እንዲጨብጥ ይደረግና ላክቴትና ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚወጣው አሞኒያ አብረው ይለካሉ። አሞኒያው ጨምሮ ላክቴቱ ካልጨመረ ታካሚው በእርግጥ ሠርቷል፣ ጡንቻው ግን ስኳሩን አልፈታም ማለት ነው። ሁለቱም ካልጨመሩ ምናልባት በደንብ አልጨበጠም። የጂን ምርመራ ካለ ደግሞ ይህም ላያስፈልግ ይችላል።

ከልምምድ ወይም ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንቱ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ቡናማ የሆነበት ሰው፣ ይህ ሕመም ኖረበትም አልኖረበትም፣ እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም። በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፣ ምን ሲሠራ እንደዋለም ለሐኪሙ ይንገር። ማዮግሎቢኑ ኩላሊት ላይ ጉዳት ሳያደርስ በጊዜ ፈሳሽ መስጠት ይቻላል።